አባል በጨመረ ቁጥር አርማው ላይ ምልክት መጨመር ያዋጣል?

ጥያቄ፦
የማኅበሩ አርማ በክብ ውስጥ የተያያዙ 5 እጆች ነው፤ ለእያንዳንዱ መሥራች ቡድን አንድ እጅ። አሁን ቡድኖቹ 9 ደርሰው አዲሶቹ «እኛስ የታለን?» እያሉ ነው። 4 እጅ ሲጨመር ስልክ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይመስላል፤ ማኅተም ላይም ቀለሙ ይደፈናል። የአባላቱ ስሜት ሳይጎዳ ምን ይደረግ?

መልስ 1፦
መጨመሩን ተዉት። የአሜሪካ ባንዲራ በ1795 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ግዛቶች ሲጨመሩ 15 ኮከብና 15 መስመር ሆነ። በዚያ ቢቀጥል መስመሩ ክር ማከሉ አይቀርም ነበር፤ በ1818 በሕግ ወደ 13 ተመለሰና ግዛት የሚቆጥረው ኮከቡ ብቻ ሆነ። ኮከብ ቢታጨቅም ይለያል፤ ጣት ያለው እጅ ግን አይለይም። ደግሞም ቆጠራ ከጀመራችሁ 10ኛው ቡድን ሲመጣ ያው ጭቅጭቅ ነው። ኩበርተን የኦሎምፒክን ቀለበቶች በ1913 ሲነድፍ አንዱን ቀለም ለአንድ አህጉር አላደለም፤ 5ቱ ቀለማት ከነጩ መደብ ጋር የተሳታፊ አገሮችን ባንዲራ ሁሉ ቀለም እንዲሸፍኑ ነው ያደረገው።

መልስ 2፦
እጆቹን ጨርሶ መጣልም አይመከርም፤ ነባሩ አባል ከሩቅ የሚያውቀው በእነሱ ነው። የዊልቸር ምልክትን እዩት፤ በ1968 ሲነደፍ ባዶ ወንበር ነበር። ቀጥሎ አናቱ ላይ አንዲት ክብ ተጨመረች፣ ወንበሩም ሰው ሆነ። ትርጉሙን የለወጠው ያቺ ብቻ ናት። እናንተም እጆቹን ወደ 2 አውርዱና በመሃላቸው ክፍተት ተዉ።
ረቂቁን በ16 ፒክስልና በአንድ ቀለም ሞክሩት። ለጥልፍ ከ1 ሚሊሜትር የቀጠነ መስመር አታስገቡ፤ ክሩ ጨርቁን ስለሚስብ ጠባብ ክፍተት ይዘጋል።

ጠያቂው፦
2 እጅ ይሻላል። ስሙስ? ዙሪያውን 34 ፊደል ነው፤ ማኅተሙ ደግሞ 40 ሚሊሜትር።

መልስ 2፦
ከጠርዙ 3 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ቢጻፍ ዙሪያው 107 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ክፍተቱን ጨምሮ ለአንድ ፊደል 3 ሚሊሜትር ይደርሰዋል። ለማኅተም ጠበብ ቢልም ይነበባል። ለጥልፍ ግን አይሆንም፤ «ጪ» እና «ጬ» አይለዩም። ለልብስ ስሙ የሌለበት ሁለተኛ ቅጂ አሠሩ። አሮጌው ማኅተም የሚቋረጥበትን ቀን ደግሞ በቃለ ጉባኤ አስይዙ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ከዞሩ የትኛው ደብዳቤ ሕጋዊ እንደሆነ ያከራክራል።