ለገናና ለጥምቀት ባሕር ዳር የሚመጡ አክስት፦ የት እንውሰዳቸው፣ ምን እናብላቸው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትልቅ አክስታችን ከታኅሣሥ 24 እስከ ጥር 13 እኛ ዘንድ ይሰነብታሉ። ዕድሜያቸው ወደ 70 ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ጾም አጥባቂ ናቸው። ገዳማቱን፣ ጢስ ዓባይንና ጥምቀትን ሳይደክሙ እንዴት ይዩ? የጾሙንና የፍስኩን ገበታስ እንዴት እናዘጋጅ?

የጣና ዳር፦
እንኳን ደኅና መጡ በሏቸው። ገዳማቱ ያሉበትን የጣና ባሕረ ገብ መሬት ዘጌን ከገና በፊት ባለ የሥራ ቀን አድርጉት። በጾም ወራት ከቅዳሜና እሑድ በቀር ቅዳሴው ወደ ቀትር ስለሚገፋ፣ ጠዋት በቅድስቱ፣ ማለት መቅደሱን በሚከበው ክፍል፣ ዞሮ የመቅደሱን ሥዕሎች ተረጋግቶ ማየት ይቻላል። ጾሙ ሲፈታ ቅዳሴው ጠዋት ይሆናል፤ በቅዳሴ ሰዓት ደግሞ ሥዕል እያዩ መዞር የለም።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ጀልባ ላይ ሁኑ። ጣና ጠዋት ዝም ይላል፣ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ትንሽ ጀልባን ያናውጣል፣ ውኃውም ይረጫል። ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለመድረስ ድንጋያማ ዳገት አለና ለጉልበታቸው አዝዋ ማርያም ይሻላል፣ ለጀልባ ማረፊያው ቅርብ ነው። እሱም ከከበዳቸው ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ያለው ደብረ ማርያም አጭር ጉዞ ነው፤ በመንገድ ጉማሬ ሊታይ ይችላል። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፣ ባለጀልባው ቢጋብዛችሁም እዚያ ወስዳችሁ ደጅ እንዳታስቀምጧቸው። ነጠላ፣ ወፍራም ካልሲና ለጠዋቱ ብርድ ጋቢ ይያዙ።

ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጥር ውኃው ይቀንሳል፣ ብዙውም ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚዞር በፎቶ የሚታየውን ፏፏቴ አትጠብቁ። እኔ ብሆን ለመስከረም ወይም ለጥቅምት አቆየው ነበር። የግድ ከሄዳችሁ በድሮው የድንጋይ ድልድይ በኩል ያለውን ዳገት ትታችሁ ወንዙን በጀልባ ተሻገሩ፣ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሜዳ ነው። የቀረውን ከሰዓት በዛዊት ኮረብታ ላይ አሳልፉት፤ መኪና እላይ ድረስ ይወጣል፣ ዓባይም ከነመታጠፊያው ይታያል።

ባለሙያዋ፦
ስለ ምግቡ። በጾመ ነቢያት አሣ የሚበላም የማይበላም አለ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቋቸው። የሚበሉ ቢሆንም አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ብዙ አረጋውያን አይነኩትም። ቆረሶ (ቲላፒያ) ግዙ፣ ያውም ጠዋት ከአሣ አጥማጆቹ፤ ዓይኑ የጎላ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን። ከሰዓት በፀሐይ የዋለውን እለፉት።

ግማሽ ኪሎ የሚሆነውን ቅርፊቱን ጠርጋችሁ፣ ሆዱንና ስንጥቡን አውጥታችሁ፣ በሁለቱም ጎን እስከ አጥንቱ በጣት ስፋት ልዩነት ተልትሉት። ጨውና ሎሚ ለ10 ደቂቃ ብቻ፤ ከዚያ በላይ ሎሚው ሥጋውን ያላላውና ዘይት ውስጥ ይበታተናል። በጨርቅ በደንብ አድርቁት፣ እርጥብ አሣ ዘይት ያስፈናጥራል፣ ድስት ላይም ይጣበቃል። ዱቄት ቆንጠር አድርጋችሁ ስትጥሉበት ዘይቱ ወዲያው ከተንጫጫ አስገቡት፤ ለአንድ ጎን 6 ወይም 7 ደቂቃ ይበቃል። ቶሎ ቶሎ አታገላብጡት።

ለጥምቀት ዶሮ ጥር 10 ገሃድ መሆኑን አስቡ፤ ረቡዕ ዓርብ ባይሆንም ይጾማል። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በዋዜማው ያለ ዘይት አቁላሉ፤ ውኃው ሲመጥ ዘይትና በርበሬ ጨምራችሁ በቀስታ አብስሉ። ጨውን ያኔውኑ ቀምሳችሁ አስተካክሉ፣ ቅቤ ከገባበት የሚጾም ሰው አይቀምሰውም። ቅቤው፣ ዶሮውና መከለሻው በማግስቱ ይግቡ። ሽንኩርቱ ሳይሟሽሽ ዶሮ ከገባ ወጡ ውኃና ሽንኩርት ሆኖ ይለያያል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልን። ነጭ አሣስ ይሆናል? ጥምቀተ ባሕሩ ላይስ የት ይቀመጡ?

የጣና ዳር፦
ነጭ አሣ ጣዕሙ ግሩም ነው፣ ግን ሥጋው መሐል ቀጫጭን አጥንት ይበዛበታል። ለልጆችና ለእሳቸው ቆረሶው ይቅረብ።

ከተራ ዕለት መንገድ ስለሚዘጋ ታቦታቱ ሳይወጡ በባጃጅ ቀድማችሁ ድረሱ፣ በርጩማ ያዙላቸው፣ ጥላ ሥር አስቀምጧቸው። ታቦቱን ተከትለው በእግር እንዲሄዱ አታድርጉ። ጥር 11 ጠዋት ጸበሉ ሲረጭ ሕዝቡ ይገፋፋል፤ አንድ ጎረምሳ በጠርሙስ ቀድቶ ያምጣላቸው። ጥር 12 የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ሲመለስ ደግሞ ከመንገድ ዳር ሆነው እልልታውን መቀበል ይችላሉ።