የእናቴ ግፊት በምግብ ይወርዳል?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እናቴ ግፊቷ 150/95 ሆኖ ዶክተሩ ጨው ይቀንሱ አላት ግን ሽሮው አልጥም እያላት እያየች ብቻ ትተወዋለች፣ ስትጨነቅ ደሞ ይብስባታል ምን ላድርግላት?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ መጀመሪያ በርበሬውን እዪው፣ ጨው ገብቶበት ከተፈጨ ወጡ ላይ ስትጨምሪ ድርብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እኛ ያለጨው አስፈጭተን ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ አብዝተን ቀስ በቀስ ለመድነው

መልስ፦ ለጭንቀቱ አባቴ ማታ ማታ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ለ10 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፣ በደቂቃ 6 ጊዜ ገደማ፣ እንቅልፉም ተስተካከለ

መልስ፦ መድኃኒት ታዞላት ከሆነ ግን እንዳታቆም በናትሽ!! አክስቴ የሽፈራው (ሞሪንጋ) ቅጠል ይበቃኛል ብላ መድኃኒቷን አቁማ ስትሮክ መታት፣ ዛሬም ሲኒ በግራ እጇ መያዝ አትችልም