የ1960ዎቹን የሚመስል ጃዝ ቤዝ ስገጣጥም የብሪጁን ቀዳዳ የት ላይ ልብሳ?

ቤዝ ወዳድ፦

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩትን የፌንደር ጃዝ ቤዞች የሚመስል ቤዝ ጊታር ከተለያዩ አምራቾች ባሰባሰብኳቸው ክፍሎች ለመገጣጠም ተነስቻለሁ። አካሉ በትእዛዝ ከአልደር እንጨት የተሠራና በናይትሮሴሉሎስ ላከር የተቀባ ሲሆን፣ አንገቱ ደግሞ ሜፕል ሆኖ በላዩ ጣቶች ክሩን የሚጫኑበት የሮዝውድ ገበታ አለው፤ የገበታው ጉብታም እንደ ድሮው 7.25 ኢንች ራዲየስ ነው። አካሉን ሳዝ ብሪጁን (በአካሉ ላይ የክሮቹን ጫፍ የሚይዘውን የብረት ክፍል) ገና ስላልመረጥኩ ቀዳዳዎቹ እንዳይበሱ ጠይቄ ነበር። አሁን ብሪጁ እጄ ገብቷል፣ መሰርሰሪያውም ተዘጋጅቷል፤ ድፍረቱ ግን አልመጣም።

የክሩ ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 863.6 ሚሊሜትር መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ይህ ልክ የሚወሰደው እስከ ብሪጁ ጠርዝ ነው ወይስ በብሪጁ ላይ ክሩ እስከሚያርፍበት ትንሽ ብረት፣ እስከ ሳድሉ? ሳድሎቹ ወደፊትና ወደኋላ የሚንቀሳቀሱ ስለሆኑ መነሻቸውን የት ላድርገው? አንገቱም ሌላ ጭንቀት ሆኖብኛል። ከአካሉ ጉድጓድ ጎን በአንድ በኩል ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት አለው፤ ከዚህ የባሰው ደግሞ አራቱን ብሎኖች አጥብቄ ከጨረስኩ በኋላም በአንገቱ ሥርና በጉድጓዱ ወለል መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ ብርሃን ይታያል። በመጨረሻም ሁለቱን ፒካፖች (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩትን ማግኔታዊ ክፍሎች) ለየብቻ ገዝቼ አንዱን ወደ አንገቱ በሚቀርበው ቦታ ላስገባ ስሞክር ሦስት ሚሊሜትር ያህል ረዝሞ አልገባም አለ። እንጨቱን ልሞርደው?

አናጢው፦

ሞረዱን ያስቀምጡት። የጃዝ ቤዝ ሁለት ፒካፖች እኩል ርዝመት የላቸውም፤ ለአንገቱ የሚቀርበው አጠር ያለ፣ ለብሪጁ የሚቀርበው ረዘም ያለ ነው። እርስዎ የያዙት የብሪጁን ስለሚመስል ቦታቸውን አለዋውጠው ይሞክሩ።

በብርሃኑ ጉዳይ አንገቱን ከመጠርጠርዎ በፊት ብሎኖቹን ይመልከቱ። ይህ ስህተት እኔንም አንድ ሙሉ ቅዳሜ አሳጥቶኛል። በአካሉ ውስጥ የሚያልፉት ቀዳዳዎች ከብሎኑ ውፍረት ጋር እኩል ከሆኑ ወይም ከጠበቡ የብሎኑ ጥርስ አካሉንም አንገቱንም በአንድ ጊዜ ይነክሳል፤ በዚያን ጊዜ ብሎኑን ምንም ያህል ቢያጠብቁት በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት እንደነበረ ይቆያል እንጂ አይጠጋጋም። ብሎኑ በአካሉ ውስጥ በጣት ሲገፋ ያለ ምንም ተቃውሞ ማለፍ፣ ጥርሱም የአንገቱን ሜፕል ብቻ መያዝ አለበት። የተለመደው ብሎን 4.2 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ የአካሉን ቀዳዳ በ4.5 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ያስፉት፤ ላከሩ እንዳይሰነጠቅ መሰርሰሪያውን ከመጫንዎ በፊት የቀዳዳውን አፍ በእጅ በትንሹ ሰፋ ያድርጉት። ወደ አንገቱ በሚገባው የብሎን ጫፍ ላይ ጥቂት ሰም ይቀቡ፤ ብዙ ሰዎች ሳሙና ይጠቀማሉ፣ ነገር ግን ሳሙና እርጥበት ስለሚስብ እኔ አልወደውም።

የጎኑ ክፍተት አያሳስብዎት። እንዲያውም ብሎኖቹን ትንሽ አላልተው አንገቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለማስተካከል ያገለግልዎታል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ 863.6 ሚሊሜትር የሚለካው ክሮቹ ከራስጌው ወጥተው ከሚያርፉበት ነት የፊት ጠርዝ ተነስቶ ክሩ ሳድሉን እስከሚነካበት ነጥብ ነው። መጀመሪያ ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት (በገበታው ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች 12ኛው) ይለኩ፤ 431.8 ሚሊሜትር ካልሆነ አንገቱ የተሠራው ለሌላ ርዝመት ነውና ሥራው እዚያው ይቆማል። ልኩ ከተስማማ የቀጭኑን የጂ ክር ሳድል ወደ አንገቱ በኩል ይግፉት፤ ሆኖም ወደፊት የሚሄድበት ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ያስቀሩለት። ከዚያ ይህ ሳድል በ863.6 ሚሊሜትር ላይ እንዲውል ብሪጁን ያስቀምጡ። ክር ፍሬት ላይ ሲጫን ስለሚወጠር ድምፁ በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ ይህን ለማካካስ ሳድሉ ወደኋላ መሸሽ ስላለበት ዋናው መንቀሳቀሻ ቦታ መቅረት ያለበት ከኋላ ነው። ወፍራሙ የኢ ክር ከሁሉም ይበልጥ ይሸሻል፤ ብዙ ጊዜ አምስት ሚሊሜትር አካባቢ ይፈልጋል።

አሁንም አይብሱ። ብሪጁን በጠንካራ ፕላስተር አጣብቀው በኢ እና በጂ ክሮች ቦታ ሁለት የስፌት ክሮች ከነቱ እስከ ሳድሎቹ ይወጥሩ፤ በመጨረሻው ፍሬት ላይ ሁለቱ ከገበታው ጠርዝ እኩል መራቃቸውን ይመልከቱ። በአካሉ ላይ የተሰመረ የመሃል መስመር ካለ አይመኑት፤ ዳኛው አንገቱ ነው።

ባለ ሶልደር፦

አናጢው ባለው ላይ የምጨምረው ስለ ፒካፖቹ ነው፤ ለየብቻ ገዝቻቸዋለሁ ማለትዎ አሳስቦኛል። በጃዝ ቤዝ ሁለቱም ቮልዩሞች ሙሉ በሙሉ ሲከፈቱ ጉርምርምታው የሚጠፋው፣ አንዱ ፒካፕ ከሌላው በተቃራኒ ስለተጠመጠመና የማግኔቱም ዋልታ ተቃራኒ ስለሆነ ነው። ከመበየድዎ በፊት ሁለቱን ፊት ለፊት አቀራርበው ይያዙ። ከተሳሳቡ ዋልታቸው ተቃራኒ ነው፤ ከተገፋፉ ግን አንድ ዓይነት ናቸውና ድምፃቸው ቢያምርም ጉርምርምታውን አያጠፉልዎትም።

ሽቦውን ሲያገናኙም የሌላውን የፌንደር ሞዴል፣ የፕሪሲዥን ቤዝን የሽቦ ሥዕል አይከተሉ። የፒካፑ ሽቦ የሚበየደው በቮልዩሙ መካከለኛ እግር ላይ ሲሆን መውጫው ከዳር እግር ይነሳል፤ ተገልብጦ ከተሠራ አንዱን ቮልዩም ሲዘጉ ሌላውም አብሮ ይዘጋል። ፖቶቹ (የቮልዩምና የቶን መቆጣጠሪያዎቹ) 250 ኪሎ ኦም፣ የቶኑ ካፓሲተር 0.047 ማይክሮፋራድ ይሁን። ከብሪጁ ሥር ወደ መቆጣጠሪያው ጉድጓድ የሚሄደውን የግራውንድ ሽቦ ብሪጁን ከማሰርዎ በፊት ማስገባትዎን አይርሱ፤ እኔ ረስቼው አምስቱንም ብሎኖች እንደገና ፈትቻለሁ።

የድሮ ጆሮ፦

አንገቱ በእርግጥ የድሮውን ዓይነት ከሆነ የትረስ ሮዱ (በአንገቱ ውስጥ ያለው፣ ጉብጠቱን የሚቆጣጠረው የብረት ዘንግ) ማስተካከያ ያለው በአካሉ በኩል፣ በአንገቱ ሥር ነው። ስለዚህ ክሮቹ ተወጥረው አንገቱ ሲጎብጥ ለማስተካከል ክሮቹን ማላላት፣ ብሎኖቹንም መፍታት ይኖርብዎታል፤ አንድ ሁለት ጊዜ እንደሚደጋግሙት ቀድመው ይወቁት። ስለ እንጨቱና ስለ ላከሩ የሚባለው ብዙ ነው፤ በእኔ ግምት ግን የዚያን ዘመን ድምፅ ለሚፈልግ ሰው ከሁለቱም ይልቅ ለስላሳ ጥምጥም ያላቸው ክሮች ይጠቅሙታል። ያን ጊዜ ከፋብሪካ ሲወጡም የሚታሰርላቸው ይኸው ዓይነት ነበር።

ቤዝ ወዳድ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፒካፖቹን ሳለዋውጣቸው ሁለቱም ያለ ሞረድ ገቡ። የአካሉን አራት ቀዳዳዎች በ4.5 ሚሊሜትር ካሰፋሁ በኋላ ብሎኖቹን መልሼ ሳጠብቅ እንጨት በእንጨት ላይ ሲቀመጥ የሚሰማው አጭር ድምፅ ተሰማኝ፤ ብርሃኑም ጠፋ። 12ኛው ፍሬት በትክክል 431.8 ላይ ነው። የስፌት ክሮቹን ስወጥር ግን ብሪጁ በእርሳስ ካሰመርኩት የመሃል መስመር ሁለት ሚሊሜትር ያህል ወደ ኢ ክር ጎን መሄድ ነበረበት፤ ትናንት ማታ በስቼ ቢሆን ኖሮ የጂ ክር ከገበታው ጠርዝ ሊወርድ ጥቂት ይቀረው ነበር። ፒካፖቹ ፊት ለፊት ሲቀርቡ ይገፋፋሉ፤ ስለዚህ የአንገቱን መልሼ ከብሪጁ ጋር ጥንድ የሚሆነውን አዝዣለሁ። እርሱ እስኪደርስ ድረስ ቀዳዳዎቹን እበሳለሁ፣ የግራውንዱንም ሽቦ አስገባለሁ።