ካርል ራነር ቶማስን ከካንት ጋር በምን አስታረቀ?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ማታ ማታ ፍልስፍና አነባለሁ፤ በዚህ ብርድ ሌላ ምን ይሠራል? አሁን ካርል ራነር የሚባል ጀርመናዊ ጀስዊት ቄስ ላይ ደርሼ ቆምኩ። ቶማስ አኩዊናስን ከካንት ጋር አስታረቀ ይላሉ። ቶማስ የ13ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ ነው፤ የእግዚአብሔርን መኖር በአእምሮ ማወቅ ይቻላል ባይ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1781 ባወጣው መጽሐፍ ያንን በር ዘግቶታል። ታዲያ በምን ይገናኛሉ? ወይስ ሁለቱንም "ልክ ናችሁ" ብሎ ማሰናበት ነው?

መልስ (ደብረ ሲና)፦
ወንድምዓለም፣ ራነር የሁለቱን መልስ አላቀላቀለም። የካንትን ጥያቄ ይዞ ቶማስ ጋ ሄደ እንጂ። መነሻው አንዲት ጠባብ ቦታ ናት። ቶማስ በትልቁ የነገረ መለኮት ድርሳኑ፣ አንደኛ ክፍል፣ ጥያቄ 84፣ አንቀጽ 7 ላይ፣ አእምሮ ከስሜት ህዋሳት ወደተገኘው ምስል ሳይመለስ ምንም አይረዳም ይላል። እስከዚህ ካንትም ብዙ አይከፋውም። ራነር ቀጥሎ ያንን የካንትን ጥያቄ ጠየቀ፦ እንዲህ ያለ ዕውቀት እንዲኖር አስቀድሞ ምን መኖር አለበት?

መልሱን በሀገራችን ላሳይህ። ጣርማበር አፋፉ ላይ ቆመህ ቁልቁል ስታይ ደብረ ሲና አለች፤ ከዚያ ወዲያ ቆላው ነው። ሁሉንም የምታየው ከጀርባው አድማስ ስላለ ነው። አድማሱን ራሱን ግን እንደ ቤት፣ እንደ ዛፍ ለይተህ አታየውም። በቀረብከው ቁጥር ይሸሻል። (ጉም ከሆነ ጭራሽ ምንም አታይም፤ እሱን ተወው።) አንድን ነገር "ውሱን ነው" ብለህ ስታውቅ፣ አእምሮህ ወሰኑን አልፎ ወደማያልቀው ሄዷል ማለት ነው። ለራነር ያ የማያልቀው እግዚአብሔር ነው።

መልስ (ሸዋ ሮቢት)፦
እረ ቶማስ ይህን መች አለ? ፍራይቡርግ ላይ አማካሪው ማርቲን ሆኔከር የዶክትሬት ጽሑፉን የጣለበት ለዚህ ነው። ራነር የፈላስፋውን የሃይደገርን ሴሚናር ሲከታተል ከርሞ ቶማስን በዚያ መነጽር አነበበው። ደግሞስ እኛ አንድምታ እያለን ከላቲን ሊቃውንት ምን እንሻለን?

መልስ (ደብረ ሲና)፦
መጣሉስ ተጥሏል። ግን እ.ኤ.አ. በ1939 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ሮምም ብትሆን ወዲያው አላመነችውም። እ.ኤ.አ. በ1962 ጽሑፎቹ ከመታተማቸው በፊት እንዲመረመሩ አዘዘች፤ በዚያው ዓመት ደግሞ የካቶሊክ ጳጳሳት ታላቅ ጉባኤ የሆነው የሁለተኛው ቫቲካን ጉባኤ ባለሙያ ሆነ! አንድምታህንስ ማን ነካብህ? እኔም ቅኔ ቤት ነው ያደግሁት። የኛ መምህራን ከአንድ ንባብ "አንድም" እያሉ ስንቱን ያወጡ የለ? እሱም ከአንዲት አንቀጽ አንድ መጽሐፍ አወጣ። ንባቡን ለጥጦታል ካልክ ግን እስማማለሁ።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ ካንት ቢሰማ ኖሮ "አእምሮ አልፎ ይሄዳል ማለት እዚያ አንድ ነገር አለ ማለት አይደለም" አይልም?

መልስ (ደብረ ሲና)፦
ይላል እንጂ! ጠቡ ያለው እዚያ ነው። ራነር፣ አእምሮ ወደ ባዶ ሊያመራ አይችልም፤ "የለም" ለማለት እንኳ አስቀድሞ "አለ" የሚባለውን መያዝ ግድ ነው ይላል። እኔ ይህ ካንትን ዝም የሚያሰኘው አይመስለኝም። የሚያሳየው የአእምሯችንን ነገር ነው፤ ከአእምሯችን ውጭ ያለውን ገና ነው። አንተ ግን መጀመሪያ ያቺን አንቀጽ 7 አንብባት፤ አጭር ናት።