ታካያሱ፦ ሲአርፒ ደህና ሆኖ የሁለቱ ክንድ የደም ግፊት ልዩነት ለምን ይሰፋል?

የታካያሱ በሽታን (ከልብ የሚወጣውን ትልቅ የደም ሥር፣ ማለትም የአኦርታንና የቅርንጫፎቹን ብግነት) የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ፕሬድኒሶሎን (ብግነት የሚቀንሰው ስቴሮይድ) ከ40 ወደ 10 ሚሊግራም ቀስ በቀስ ወርዷል፤ ኢኤስአርና ሲአርፒ (ብግነትን የሚያሳዩት የደም ምርመራዎች) ደህና ናቸው። የግራ ክንድ የላይኛው ግፊት ግን ከቀኙ በ30 ያንሳል፤ ቀድሞ ልዩነቱ 15 ነበር። ክንዱም ሥራ ላይ ቶሎ ይዝላል።

የደም ምርመራው ጥሩ ሆኖም የደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ብግነት ሊቀጥል እንደሚችል አውቃለሁ። ግን ይህ የቆየ ጠባሳ ያጠበበው ነው ወይስ አዲስ ብግነት? በምን ይለያል? በኤምአርአይ የግድግዳውን ውፍረት ማየት ይሻላል ወይስ ፔት ስካን (ብግነት ያለበትን ቦታ አጉልቶ የሚያሳይ ምስል)? ፔቱን የምጠራጠረው ስቴሮይድ ብግነቱን ሊደብቅበት ስለሚችል ነው።

ሌላው (ብዙ ጊዜ ይዘነጋል) የደም ሥሩ የጠበበ ክንድ ግፊትን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ቀኙም ቢጠብ በእግር መለካት ያስተማምናል? የሆድ አኦርታስ ጠብቦ ከሆነ?