«ልጆቻችንን» የቱ ጋ ነው የሚቆረጠው? (የስድስተኛ ክፍል አማርኛ የቤት ሥራ)

በያጁ፣ ቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በያጅ ነኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሙ አጠገብ በርና መስኮት እሠራለሁ። ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት። እናቷ የምትሠራው መሀል ከተማ ስለሆነ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት አትገባም። የታክሲውን ሰልፍ የዚህ ሰፈር ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እኔ ጋ ትመጣለች። የቤት ሥራዋን የቱቦላሬ ክምር ላይ ቁጭ ብላ ነው የምትሠራው። ግራይንደር ሲነሳ በአንድ እጇ ጆሮዋን ትይዛለች፣ በሌላው ትጽፋለች።

ሒሳብ አያስፈራኝም። ሜትርና ሳንቲም የዕለት እንጀራዬ ነው። እንግሊዝኛውንም እንደምንም እንወጣዋለን። ጉድ ያደረገኝ አማርኛ ነው። አፌን የፈታሁበት!

ማክሰኞ የመጣው እንዲህ ይላል፦ «የሚከተሉትን ቃላት በምዕላድ ነጣጥሉ።» ምዕላድ ምንድነው? በእኛ ጊዜ ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ ነበር የሚባለው። ቃላቱ ልጆቻችንን፣ ከቤታቸው፣ አስቆረጠች፣ ገበሬዎች ናቸው።

እኔ እንደ ብረት አየሁት። ላሜራ ላይ በጠመኔ «ልጆቻችንን» ብዬ በትልቁ ጻፍኩና መቁረጫው ላይ መስመር አሰመርኩ። ልጆ፣ ቻችን፣ ን። «አባዬ፣ ልጆ ምንድነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ልጆች ብዬ ልቁረጠው? ከዚያ የሚቀረው «አችን» ነው። ግን «አ» የሚል ፊደል ቃሉ ውስጥ የለም! ለመስኮት ልኬት የመጣ ደንበኛ ቆሞ ይስቅብኛል።

ሲጨንቀኝ ስልኬ ላይ ያለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጠየቅነው። ቁልጭ ያለ መልስ ሰጠን፤ ገለበጠችው፤ ሙሉ እርማት አገኘች። በማግስቱ መምህሯ ሰሌዳው ጋ አውጥቶ «በሮቻቸውን» ሲላት ጠመኔውን ይዛ ቆማ ቀረች። የበያጅ ልጅ፣ በር ላይ! ክፍሉ ሳቀ። ማታ ደብተሯን እቃ መያዣው ላይ ጥላ «አንተም አታውቀውም፣ ስልኩም አላስተማረኝም» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ሌላም አለ። «የቃል ክፍሎች ስንት ናቸው?» ስትለኝ ስምንቱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ አነበነብኩላት። መጽሐፏ ግን አምስት ይላል። በዚህ አገር ዋጋው የቀነሰ ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው መሰለኝ። ሦስቱ የት ሄዱ?

አስጠኚ ለመቅጠር አሁን አቅም የለኝም። የሚያውቅ ሰው ያስረዳኝ፣ እኔ ለእሷ አስረዳታለሁ።

ሰፈርተኛው፣ ካራ

ብሮ አታካብድ። አምስት ማርክ ናት። መልሱን ጽፈህላት ተኛ። እኔ ምዕላድ ሳላውቅ አግብቼ ወልጃለሁ።

በያጁ፣ ቱሉ ዲምቱ

የስድስተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ላይ አብሬያት ልግባ?

ጡረተኛዋ መምህርት፣ ሰበታ

ልጄ፣ ከሰዋስዉ በፊት አንድ ነገር። ስትበይድ ልጅቷ ወዳንተ እንዳታይ ጀርባዋን አዙረህ አስቀምጣት። ብልጭታው ዓይን ይጎዳል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ምዕላድ ማለት ትርጉም ያለው ትንሹ የቃል ቁራጭ ነው። የተሳሳትከው ፊደልን የማይከፈል አድርገህ ስላየኸው ነው። የእኛ ፊደል በውስጡ ሁለት ነገር ይዟል፤ ተነባቢና አናባቢ። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ ብለህ ቁጠር። ስድስተኛው፣ ሳድሱ «ብ»፣ ባዶ አጥንቱ ነው። «ቡ» ማለት ብ ላይ ኡ የበየድክበት ነው፤ «ባ» ብ ላይ ኣ፤ «ቦ» ብ ላይ ኦ። ብየዳው ያለው ፊደሉ ውስጥ ነው። ከውጭ ብትፈልገው አታገኘውም።

ስለዚህ ለልጅቷ እንዲህ በላት። ቃሉን ከመቁረጥሽ በፊት እያንዳንዱን ፊደል ወደ ሳድሱ መልሺና አናባቢውን አጠገቡ አስቀምጪ። ልጆቻችንን ሲፈታ ል፣ ጅ+ኦ፣ ች+ኣ፣ ች፣ ን፣ ን ይሆናል። አሁን ቁረጪ። ልጅ-ኦች-ኣችን-ን። ልጅ ብቻውን ይቆማል፣ ነጻ ምዕላድ ነው። ኦች ብዛት ነው። ኣችን የማን እንደሆኑ ይነግራል። የመጨረሻዋ ን ተሳቢነትን ታሳያለች። እነዚህ ሦስቱ ብቻቸውን መቆም ስለማይችሉ ጥገኛ ይባላሉ። አንተ «አ የት አለ» ብለህ የተናደድክባት ኣ ቻ ውስጥ ተቀምጣለች።

ከቤታቸው፦ ከ-ቤት-ኣቸው። አስቆረጠች፦ አስ-ቆረጥ-ኧች። እዚህ ላይ ልጅቷ «ቆረጥ የሚባል ቃል የለም» ትልህ ይሆናል። ልክ ናት፣ አመስግናት። የአማርኛ ግስ ግንዱ ራሱ ጥገኛ ነው። እንደ «ልጅ» ብቻውን ወጥቶ አይሄድም።

ገበሬዎች ላይ ግን ብዙ ተማሪ ይወድቃል። ገበሬ ሲደመር ዎች ብለው ይጽፋሉ። ብዛት አመልካቹ እዚህም ኦች ነው። ገበሬ በኤ ያልቃል፣ ኦች በኦ ይጀምራል። ሁለት አናባቢ ሲጋጠም ለአፍ ስለማይመች መሀል ላይ ው ገባች። «ሥራዬ» ላይ ደግሞ ይ ትገባለች፤ ሥራ ሲደመር ኤ ነውና። «ቤቴ» ላይ ማንም አልገባም፣ ምክንያቱም ቤት በተነባቢ ያልቃል።

«መጻሕፍት» ብሎ ከጠየቀ ደግሞ እንዳትቆርጠው። የግእዝ አበዛዝ ነው፤ ቃሉ ከውስጡ ነው የተለወጠው። ኦች ጨምረው «መጻሕፍቶች» የሚሉ አሉ። ይሄ ብዛት ላይ ብዛት ነው። አርባ ዓመት ሳርም ኖሬ አሁንም ቴሌቪዥን ላይ ስሰማው እጄ ቀይ እስክሪብቶ ይፈልጋል።

ስምንትና አምስቱ፦ አንተም ልክ ነህ፣ መጽሐፉም ልክ ነው። የድሮው አከፋፈል ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ግስ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግስ፣ መስተዋድድ፣ መስተፃምር፣ ቃለ አጋኖ ነበር። የቋንቋ ምሁሩ ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት የአማርኛ ሰዋስው ወደ አምስት አወረዱት። ተውላጠ ስም ስም ውስጥ ገባ፣ መስተፃምር መስተዋድድ ውስጥ ገባ፣ ቃለ አጋኖ ወጣ። ፈተና ላይ አምስት ትበል። ቤት ውስጥ ስምንት በሉ፣ የሚከሳችሁ የለም።

የሁለት ልጆች እናት፣ ለገጣፎ

መምህርት፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው፤ የተማርኩትም በቁቤ። አማርኛ ሰዋስው ላይ ከጎረቤቶቼ የተሻልኩ የሆንኩት በዚህ ይመስለኛል። ቁቤ ላይ አናባቢው ለብቻው ነው የሚጻፈው። የልጄን የቤት ሥራ ሳይ ቃሉን በልቤ በላቲን እጽፈዋለሁ፣ ኦዋም ኣዋም ተሰልፈው ይታዩኛል።

ወንድሜ፣ ልጅህ ከጓደኞቿ ጋር ቴሌግራም ላይ አማርኛን በላቲን ፊደል ትጽፍ የለ? ያቺን «በሮቻቸውን» እንደዚያ አስጽፋት። ሳታውቀው ፈትታዋለች ማለት ነው። ከዚያ ወደ ፊደሉ ትመልሰው።

ማጥበቅና ማላላት ሲመጣም ይጠቅማችኋል። ቁቤ የጠበቀውን ተነባቢ ሁለቴ ይጽፈዋል። ፊደሉ ግን በዓሉን ገናንና «ገና አልደረሰም» የምንለውን ገናን አንድ ዓይነት አድርጎ ነው የሚጽፈው። ልብስ ሰፊውም፣ ሰፊው ሜዳም እንደዚያው። ልጄ ይህን ደብተር ላይ ስታነበው አልገባትም። ጮክ ብላ ስትለው ወዲያው ለየችው። እና ድምፅ አውጥታ ታንብብ። ግራይንደሩን አጥፋላት እንጂ።

በያጁ፣ ቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህርት፣ እርስዎ የተናገሩትን ቃል በቃል አነበብኩላት። መቀመጫዋንም አዙሬያለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት መብራት ጠፋ። መብራት ከሌለ ብየዳ የለም፣ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቸኩል አብሬያት ተቀመጥኩ። አዲስ ላሜራ ላይ «በሮቹን» ጻፍኩ። መጀመሪያ በላቲን በስልኳ ጻፈችው። ቀና አለችና ጠመኔውን ከእጄ ወሰደች። ሮ ሥር «ር+ኦ»፣ ቹ ሥር «ች+ኡ» ብላ አስቀመጠች። ከዚያ በር-ኦች-ኡ-ን። ያቺን ትንሽ ኡ እኔ አላየኋትም ነበር። «የትኞቹ በሮች እንደሆኑ የምትነግረው እሷ ናት» አለችኝ።

ገበሬዎች ላይ ግን ተጨቃጨቅን። «ው የማን ናት? የገበሬ ናት ወይስ የኦች?» አለችኝ። የማንም አይደለችም አልኳት፤ ኤሌክትሮድ ናት። ሁለት ብረት ሲጋጠም መሀል ላይ ቀልጣ የምትቀረው። ከግራውም ከቀኙም አልመጣችም። አንዴ አየችኝ፣ አንዴ መሬት ላይ የወደቀውን ጉርድ ኤሌክትሮድ አየች። «እሺ» አለች። መምህርት፣ ይሄ ትክክል ካልሆነ ሰኞ ሳይደርስ ይንገሩኝ።

ካራ ያለኸው ወንድሜ፣ ላንተም ልጅ ይድረሳት።

አንድ ነገር ብቻ ተበላሽቷል። የጻፍንበት ላሜራ የሰው በር ነበር። ማታ መብራት ሲመጣ ተጣድፌ ጠመኔውን ሳልጠርግ አንቲረስት ቀባሁበት። ቅዳሜ ባለቤቱ ሊረከብ መጣ። በሩን ወደ ፀሐይ ሲያዞረው ከውስጥ በኩል «ር+ኦ» ብሎ ወጣ። ይሄ ምንድነው ሲለኝ የልጄ የቤት ሥራ ነው አልኩት። ሳቀና ቅናሽ ጠየቀኝ።