አስቸኳይ፦ ከሁለቱ ሙዚየም የትኛው ይሻላል?

የደሴ ልጅ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የተከራየነው መኪና ፒያሳ ላይ ተበላሽቶ መንገድ ዳር ቆመናል። ነገ ሌሊት ወደ ደሴ እንመለሳለን። የቀረን የዛሬው ከሰዓት ብቻ ነው፣ አንዱን ሙዚየም እንይ ብለናል። የትኛው ይሻላል?

ካሳንቺስ፦ የትኞቹን ነው የምትይው እህቴ? በዚህ ከተማ ሙዚየም ሞልቷል።

የደሴ ልጅ፦ ይቅርታ፣ ብሔራዊ ሙዚየምና ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው።

ቤቲ፦ ብሔራዊ! ድንቅነሽን ሳያዩ መመለስ አለ እንዴ?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ መጀመሪያ የምታዩትን እወቁ። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ነው የተገኘችው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ነው፣ እውነተኛው አፅም በጥንቃቄ ይቀመጣል። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል። ቅር ሊላችሁ አይገባም፤ ከአፅሟ 40 በመቶ ያህል መገኘቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲኪቃ ላይ ያገኛት ሕፃኗ ሰላም ደግሞ 3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። ድንቅነሽን በዕድሜ ትበልጣታለች። ስድስት ኪሎ ያለው ግን ቤተ መንግሥት የነበረ ነው፣ ገነተ ልዑል። የ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ታጋቾቹ የተረሸኑት እዚያው አረንጓዴው ሳሎን ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት።

ካሳንቺስ፦ መምህር፣ ሰዎቹ መንገድ ላይ ቆመዋል እኮ 😄

ሰፈረ ሰላም፦ ለምን ከሁለቱ ብቻ ትመርጫለሽ? ፒያሳ ከሆናችሁ የዓድዋ ድል መታሰቢያ አጠገባችሁ ነው። በ2016 የካቲት ነው የተመረቀው። ታክሲም አያስፈልጋችሁ።

የደሴ ልጅ፦ አመሰግናለሁ፣ ዓድዋን ትናንት አይተናል። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ የ9 ዓመት ልጅም ይዣለሁ። እሱን ሳልነግራችሁ።

ቤቲ፦ እንግዲያው ብሔራዊ ሙዚየም። ልጁ አፅም ሲያይ ይደሰታል።

አቢ ስድስት ኪሎ፦ እኔ ግን በቤቲ አልስማማም። ለልጅ ስድስት ኪሎ ነው የሚሻለው። ዕቃው የተደረደረው በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው፦ ከልደት፣ ከልጅነት እስከ ሞት። የልጆች ጨዋታና ተረት አለ። ክራር፣ መሰንቆና በገናም ያያል። የጃንሆይ መኝታ ቤት ለእማማም ይጥማቸዋል። ደረጃ ግን አለው። ብሔራዊም ቢሆን ድንቅነሽ ያለችው ምድር ቤት ነው፣ ወርደው ነው የሚያዩዋት። ስለዚህ ከደረጃ አታመልጡም፣ ቀስ ይበሉ።

ቤቲ፦ ብሔራዊ ብያለሁ!

ሹፌር ነኝ፦ እህቴ፣ ሁለቱ መሃል አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ራይድ ጠርታችሁ መጀመሪያ ስድስት ኪሎ ውረዱ። የየካቲት 12ን ሐውልት አደባባዩ ላይ ታዩታላችሁ። ሙዚየሙን ጨርሳችሁ ወደ አምስት ኪሎ ውረዱ፣ ቁልቁለት ነው። እናትሽ ከደከሙ የመስመር ታክሲ ወደ አራት ኪሎ የሚሄደው በብሔራዊ ሙዚየም በር ነው የሚያልፈው። በተቃራኒው ከጀመራችሁ ዳገቱ ለጉልበት ጥሩ አይደለም። መታወቂያ መያዝ አትርሱ፣ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ይጠየቃል። ሰዓት ካጠራችሁ ስድስት ኪሎ ይብቃችሁ።

ጡረተኛው መምህር፦ የሹፌሩ ምክር ትክክል ነው። ግቢው ውስጥ ጣልያን የሠራው ደረጃ አለ። እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመት ይቆጥራል። ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት። ልጁን አሳዩት።

ካሳንቺስ፦ መኪናውስ ምን ሆኖ ነው? ሙቀት ከሆነ ውሃ ከመጨመራችሁ በፊት ይቀዝቅዝ።

ሰፈረ ሰላም፦ የደሴ ልጅ፣ ደረሳችሁ? እኔም ቅዳሜ እናቴን ይዤ ልሄድ ነው፣ ደረጃው እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ።